«ቴ ሺማኡ» ማለት «አረፈው» ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ጃፓንኛ እየተማርኩ ነው፣ ለኤን 3 ፈተና (ለጃፓንኛ ችሎታ ፈተና መካከለኛው ደረጃ) እየተዘጋጀሁ። «ቴ ሺማኡ» የሚባለው ነገር አልገባ ብሎኛል። የማነበው ማብራሪያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አንዱ «ሙሉ በሙሉ መጨረስ» ይላል፣ ሌላው «መጸጸት» ይላል። አንድ ቃል እንዴት ሁለቱንም ይሆናል? በአማርኛ ምን ብዬ ልያዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ «አረፈው» ብለሽ ያዢው።

«ብርጭቆውን ሰብሮት አረፈው» ስንል ማንም እረፍት አልወሰደም። «ለእናቷ እንኳን ሳትነግር አግብታ አረፈችው» ስንልም እንደዚያው። ነገሩ ሆነ፣ አለቀ፣ መመለሻ የለውም ማለታችን ነው። ብርጭቆ ሲሆን ይቆጨናል። አሁን ደግሞ ይህን ስሚ፦ «የቤት ሥራውን ዛሬውኑ ሠርቼው ልረፍ»። ያው ቃል ነው፣ ግን እዚህ ቁጭት የለም፣ መገላገል ነው። ቃሉ ራሱ የሚለው «ተዘጋ» ብቻ ነው፤ ቁጭቱን ወይም እፎይታውን የሚያመጣው የሆነው ነገር ነው። «ቴ ሺማኡ»ም እንደዚሁ ነው። «ኮፑ ኦ ዋቴ ሺማታ» ብርጭቆውን ሰብሬው አረፍኩት፣ «ሹኩዳይ ኦ ያቴ ሺማኦ» የቤት ሥራውን ሠርቼው ልረፍ። (የ«ሺማታ»ን ታ አጥብቂያት።)

«ሺማኡ» ለብቻው ሲቆም ዕቃን ወደ ቦታው መመለስ፣ መሳቢያ ውስጥ ማስገባት ነው። ሱቅ መዝጋት «ሚሴጂማይ» የሚባለው ከዚሁ ነው። የልጆች ተረት ሲያልቅም «ኦሺማይ» ይላሉ፣ እኛ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ በምንልበት ቦታ። ስለዚህ ሁለት ትርጉም ብለሽ አትሸምድጂ። አንድ ነው።

ጓደኛሞች ሲያወሩ ደግሞ አሳጥረው «ታቤቻታ»፣ «ዋሱሬቻታ» ይላሉ። «ታቤቴ ሺማታ»ን እየጠበቅሽ ከሆነ ጆሮሽ ያመልጠዋል፣ አሁኑኑ ተለማመጂው።

ሌላ አባል፦ እኔ የምጨምረው አለኝ። የ«ቴ» ነገር በአጠቃላይ የኛ ቦዝ አንቀጽ ነው። በልቶ፣ ገዝቶ፣ ሄዶ የምንለው። ይህን ያወቅኩ ቀን መካከለኛው ሰዋስው ግማሹ ቀለለኝ። «ካቴ ኦኩ» ቃል በቃል «ገዝቶ ማስቀመጥ» ነው፣ ትርጉሙም ለኋላ እንዲሆን አስቀድሞ መግዛት። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ለስላሳ ገዝቼ ላስቀምጥ፤ በቃ ይኸው ነው። «ታቤቴ ሚሩ» ደግሞ «በልቶ ማየት»። እናቶቻችን ወጡን በማንኪያ አንስተው «እስኪ ቅመሺና እይው፣ ጨው አንሶታል?» ሲሉ የሚያዩት በዓይን አይደለም። ጃፓኖቹም «ሚሩ» ያሉት ለዚያው ነው።

ደግሞ ከቤት ሲወጡ የሚሉት «ኢቴ ኪማሱ»! እንግሊዝኛው መጽሐፍ ይህን አንድ ቃል ለማስረዳት ግማሽ ገጽ ይፈጃል። እኛ ጫማ እያደረግን «ሄጄ ልምጣ» እንላለን፣ አለቀ።

ጠያቂዋ፦ እንዴት ደስ የሚል ነው! ግን እንግዲያው ይህን አስረዱኝ። «አሜ ኒ ፉራሬታ» የሚል አጋጠመኝ። መጽሐፉ «በዝናብ ተዘነብኩ» ዓይነት ነገር ብሎ ተርጉሞታል። ዝናብ እንዴት ሰውን ይዘንባል?

መልስ፦ አንቺ ጃንጥላ ሳትይዢ ወጥተሽ ዶፍ ሲወርድ ምን ትያለሽ? «ዘነበብኝ»።

በዚያች «ብ» ነው የምትገቢው። ጃፓኖች «ሜይዋኩ ኖ ኡኬሚ» ይሉታል፣ የደረሰብሽን ችግር የሚናገር ተገብሮ ማለት ነው። «ኮዶሞ ኒ ናካሬታ» ልጁ አለቀሰብኝ። «ቺቺ ኒ ሺናሬታ» አባቴ ሞተብኝ። አውሮፓዊ ተማሪ እዚህ ጋ ይጨነቃል፤ ማልቀስ፣ መሞት፣ መዝነብ ተሳቢ የሌላቸው ግሦች ናቸው፣ እንዴት ተገብሮ ይሆናሉ ይላል። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ በማንኛውም ግሥ ላይ «ብኝ» ስንቀጥል ኖረናል። የሚለየው የአረፍተ ነገሩ አቀማመጥ ነው። በኛ ዘነበ የሚለው ዝናቡ ነው፣ እኔ ጭራ ላይ በ«ብኝ» እገባለሁ። በነሱ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ዝናቡ በ«ኒ» ወደ ጎን ይላል። ይህን መገልበጥ ብቻ ተለማመጂ።

ስርቆት ላይ ስንደርስ ግን መገልበጡም አያስፈልግ! አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሰው ኪሱን ዳብሶ ምን ብሎ ነው የሚጮኸው? «ስልኬን ተሰረቅኩ!» ልብ በይ፣ ግሡ ተገብሮ ነው፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ስልኩ ግን «ን»ን ይዞ እንደቆመ ነው። ጃፓንኛው «ኬይታይ ኦ ኑሱማሬታ» ነው። «ኦ» ያቺው «ን» ናት። መምህራን ተማሪዎችን ደጋግመው የሚያርሙት «የእኔ ስልክ ተሰረቀ» ብለው ስልኩን ባለቤት ሲያደርጉት ነው፣ ምክንያቱም ጉዳቱ የደረሰው በሰውየው ላይ ስለሆነ ሰውየው መቅደም አለበት። አንቺ የታክሲውን ሰው አስታውሺ።

ሌላ አባል፦ እሺ፣ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ አማርኛው ሁሌ አያዋጣም። እኔ ላይ የደረሰ ነው። ጃፓን ስማር አንዲት ትልቅ ሴት መምህርት ነበሩን። አንድ ቀን ሁለት ከረጢት ወረቀት ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ አየሁ። በአማርኛ «ልያዝልዎት» ነው የሚባለው፣ ከዚህ የበለጠ አክብሮት የለም። «ልዎት»ን በ«ቴ አጌሩ» ተርጉሜ «ሞቴ አጌማሱ» አልኳቸው። አንዱን ከረጢት ሰጡኝ፣ አመሰገኑኝ። ላይ ከደረስን በኋላ ግን ቀስ ብለው «ለታላቅ ሰው እንዲህ አይባልም፣ ውለታ ልዋልልዎት እንደማለት ይሰማል» አሉኝ። «ኦሞቺ ሺማሱ» ነው የሚባለው፣ ራስን ዝቅ አድርጎ። በጣም አፈርኩ፣ ምክንያቱም ልቤ ውስጥ የነበረው ተቃራኒው ነበር።

ስለዚህ «ገዛልኝ» ሲሆን «ካቴ ኩሬታ» በይ፣ ችግር የለውም፣ ውለታውን የዋለው ሌላው ነው። «ልግዛልዎት» ሲሆን ግን «አጌሩ»ን ለታላቅ አትጠቀሚ፣ ለታናሽሽና ለጓደኛ ተዪው።

መልስ፦ ይህ ወርቅ የሆነ ማሳሰቢያ ነው። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ፣ የኛ «አስ»። ፀጉር ቤት ሄደን «ፀጉሬን አስቆረጥኩ» እንላለን። ይህን ይዘሽ በጃፓንኛ «ኪራሴታ» ካልሽ ሰውዬውን አስገድደሽ ያስቆረጥሽው ይመስላል። «ካሚ ኦ ኪቴ ሞራታ» ነው፣ «ቆርጦልኝ ተቀበልኩ» እንደማለት። በአገልግሎት ጊዜ «አስ» ስትይ «ቴ ሞራኡ»ን አስቢ፣ «ሳሴሩ»ን (ያንን «ኪራሴታ» ላይ ያለውን ማስደረግ) ለእውነተኛ ማስገደድና መፍቀድ አስቀምጪው።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ፣ ሁሉንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። የመጨረሻ ጥያቄ። «ፉሪ ሶ ዳ» እና «ፉሩ ሶ ዳ» ይምታቱብኛል። በአንድ ፊደል ነው የሚለያዩት።

መልስ፦ «ፉሪ ሶ ዳ» ቀና ብለሽ ሰማዩን አይተሽ «ሊዘንብ ነው መሰለኝ» ስትይ ነው። «ፉሩ ሶ ዳ» ደግሞ ሬዲዮ ሰምተሽ ወይም ጎረቤት ነግሮሽ «ይዘንባል አሉ» ስትይ። የመጀመሪያው በዓይን፣ ሁለተኛው በጆሮ። «አሉ»ን በቦታው ተኪና አንብቢው፣ ከዚያ ወዲያ አይምታታብሽም።

ሌላ አባል፦ ይቅርታ፣ በመሀል ገብቼ ልጠይቅ። ይህን ያህል ከተመሳሰሉ ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደሉም። አማርኛ ሴማዊ ነው፣ የግዕዝና የትግርኛ ወገን፣ የዕብራይስጥና የዓረብኛም ዘመድ። ጃፓንኛ ከኦኪናዋና ከአካባቢዋ ደሴቶች ቋንቋዎች ጋር የራሱ ቤተሰብ አለው። የሚያመሳስላቸው አሠራሩ ነው። ሁለቱም ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። ዓረብኛ እንደዚያ አይደለም፣ ግዕዝም ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ግድ አይለውም። አማርኛ ይህን ጠባይ ያገኘው ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር አብሮ በመኖሩ ነው የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ግሥ መጨረሻ ላይ ሲሆን ደግሞ ሌላውም ይከተላል፤ ገላጩ ከስሙ ይቀድማል፣ የተባለው ነገር «ብሎ»ን ይቀድማል። ለዚህ ነው «አቤቤ ቶ ኢኡ ሂቶ» ስትሰሚ «አበበ የሚባል ሰው» ብለሽ ቃል በቃል የምትከተይው፣ ሳትገለብጪ። በነገራችን ላይ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ማራቶን ካሸነፈ ወዲህ ስሙን በዕድሜ የገፉ ጃፓኖች ያውቁታል፣ ለምሳሌ ብትጠቀሚበት ጨዋታ ይከፍትልሻል።

ጠያቂዋ፦ እንግዲያው ራሴ የሠራሁትን እዩልኝ። «ዴንሻ ኒ ካሳ ኦ ዋሱሬቴ ሺማታ። አሜ ኒ ፉራሬታ።» ጃንጥላዬን ባቡር ላይ ረስቼው አረፍኩት። ዘነበብኝ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ ነሽ። አሁን ሁለቱን እኛ እንደምናደርገው በቦዝ አያይዣቸው፦ «ዴንሻ ኒ ካሳ ኦ ዋሱሬቴ ሺማቴ፣ ካኤሪ ኒ አሜ ኒ ፉራሬታ»። ጃንጥላዬን ባቡር ላይ ረስቼው፣ ስመለስ ዘነበብኝ። ለጓደኛሽ የምታወሪ ከሆነ ደግሞ «ዋሱሬቻቴ» በይው።