«ኖታ የማያነብ መሃይም ነው» አሉን እንግዲህ

ክራር ለማጅ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ የኪቦርድ አስተማሪ «ኖታ ሳያነብ መሣሪያ የሚነካ መሃይም ነው» ሲል ሰማችሁት? ክራር ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ደሜ ፈላ። አዝማሪው ሁሉ መሃይም ሊሆን ነው?

ሶልፌጅ፦ አነጋገሩ ሻካራ ነው እንጂ ውሸት አልተናገረም። የትዝታ ቅኝት ከየት ድምፅ ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ሳታውቅ ክር የምትነካ ከሆነ የጣት ስፖርት ነው የያዝከው።

የማሲንቆ ልጅ፦ አያቴ በአንዲት ክር አራቱንም ቅኝት ይጫወት ነበር። ከኖታ ድምፆች አንዷን፣ ሶልን ብትጠራለት የጫማ ሶል መስሎት እግሩን ያያል። መሃይም ነዋ?

ሶልፌጅ፦ አያትህን ማን ነካ? እኔ ያልኩት ትምህርቱ መንገድ ያሳጥራል ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው አይደል? እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዘህ ላን መነሻህ ብታደርጋት ባቲ ማይነር ሆነልህ። ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርግ፣ ትዝታ ማይነር ነው። እሱኑ ከሶል ተነሳበት፣ አምባሰል። ይህን በሁለት ቀን የተረዳ ጀማሪና ሁለት ዓመት በጆሮው ሲዳብስ የከረመ እኩል ናቸው?

ዲሲ ነኝ፦ ልጄ እዚህ አራት ዓመት ፒያኖ ተምራለች። ኖታ እንደ ጋዜጣ ነው የምታነበው። ለእንቁጣጣሽ አንቺሆዬ ቅኝት ተጫወቺልን ብላት «ወረቀቱ የታለ?» አለችኝ። ወረቀት ከሌለ እጇ አይነሳም። ይሄስ ምን ይባላል?

የማሲንቆ ልጅ፦ መሃይም ይባላላ።

ሶልፌጅ፦ ልጅ አትሳደብ።

የማሲንቆ ልጅ፦ እኔ ስናገር ስድብ፣ እሱ አዝማሪውን ሲያዋርድ «አነጋገሩ ሻካራ ነው»።

የቆሎ ተማሪ፦ ኖታ ፈረንጅ ብቻ ያመጣው የሚመስላችሁ ትገርሙኛላችሁ። የድጓው፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ምልክት ከእነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ጀምሮ፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ማለት ነው፣ ከፊደሉ በላይ ተጽፎ ይኖራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት። የኔታ ግን ምልክቱን አላስቀደሙብኝም። እሳቸው ያዜማሉ፣ እኔ እቀበላለሁ፣ ስሳሳት ይመልሱኛል። ምልክቱ የገባኝ ዜማው ከገባኝ በኋላ ነው።

ሶልፌጅ፦ ተባረክ። ምልክት አለ አልክ፣ ምልክት ደግሞ ኖታ ነው።

የቆሎ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ «በኋላ» ያልኳትን ዘለልካት።

ዲሲ ነኝ፦ አንባቢው እሱ ነው እንግዲህ።

የድሮ ባንድ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች ኖታ እያነበቡ ነው የነፉት። ሙላቱ አስታጥቄም ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሯል። የዛሬ ጀማሪ ግን ዘፋኙ «ከፍ አለብኝ» ሲለው ኪቦርዱ ላይ ትራንስፖዝ፣ ድምፁን ሁሉ ባንዴ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ፣ ይጫናል። ከC (ከዶ) ከሚነሳው ሌላ ትዝታ አያውቅም። እኔ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

የማሲንቆ ልጅ፦ ጋሼ፣ ክራርም እኮ ለዘፋኙ ተብሎ ጠበቅ ላላ ይደረጋል። እሱስ ትራንስፖዝ አይደለም?

የድሮ ባንድ፦ ክር ለመቃኘት ጆሮ ይጠይቃል። ቁልፍ ለመጫን ጣት ይበቃል።

የማሲንቆ ልጅ፦ «ጆሮ» አሉ! ስክሪንሾት ወስጃለሁ።

የድሮ ባንድ፦ አውጣው ከፈለግክ። ጆሮ አያስፈልግም ያልኩበትን ደግሞ ፈልገህ አምጣልኝ።

ሶልፌጅ፦ እኔም አላልኩም እኮ።

ዲሲ ነኝ፦ አንተ «ሲዳብስ የከረመ» ነው ያልከው። ከዚያ ይሻላል?

ክራር ለማጅ፦ ክርክሩ ይቀጥል፣ እኔ ግን ቸግሮኛል። ክራሬን በስልክ አፕ ቃኘሁት። አፑ ልክ ነው ይላል። ጆሮዬ ደግሞ ሦስተኛዋ ክር ሸሽታለች ይለኛል። ማንን ልመን?

ሶልፌጅ፦ አፑን።

የማሲንቆ ልጅ፦ ጆሮህን፣ አንተ መሃይም።