«የጭቃ ክምር» ብሎ ነገር! የአዳማ ባቡር ጣቢያ ሰፈር ክርክር

የጣቢያ ልጅ፦
እሁድ ስብሰባው ላይ የነበራችሁ ሰምታችኋል። አንድ ሰውዬ ተነስቶ «ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለው ምን ቅርስ ነው፣ የጭቃ ክምር ነው፤ ለኮሪደር ልማቱ ቢነሳ ማንም አይጎዳም» ብሎ ተቀመጠ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበለት። እኔን ያበገነኝ ሰውዬው አይደለም፣ ጭብጨባው ነው። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ገብቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው፤ አዳማን ከተማ ያደረጋት ያ ሐዲድ ነው። ጣቢያው ባይኖር ገበያው፣ ገበያው ባይኖር እናንተም የምታጨበጭቡበት አዳራሽ አይኖርም ነበር።

ሲቪል ነኝ፦
ወንድሜ ታሪኩን ማንም አልካደህም። ቤቱ ግን ጭቃ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ አፈር ውስጥ ተተክሎ ስንት ዓመት ይቆማል? በሥራዬ ስንቱን ግድግዳ አስከፍቼ አይቻለሁ፤ ከላይ ምርጊቱ ደህና ነው፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ከታች የቋሚውን እግር ምስጥ ጨርሶታል፤ በጣትህ ስትነካው ዱቄት ይሆናል። ቤቱን ያቆመው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ቅርስ ካልክ የፋሲል ግንብ አለልህ፣ ላሊበላ አለልህ። ያረጀ ሁሉ ቅርስ ከሆነ አያቴም ይመዝገቡልኝ።

የጣቢያ ልጅ፦
አያትህን እግዜር ያቆይልህ። ጥያቄ ልጠይቅህ፦ ሐረር ጀጎልን ዩኔስኮ በ1998 ሲመዘግብ የቤቶቹን ድንጋይ አያይዞ የያዘው ምን መሰለህ? ጭቃ ነው። ውስጡ መደቡ የሚቀባው በቀይ አፈር ነው። እና ዩኔስኮ የጭቃ ክምር መዘገበ በለና!

ሲቪል ነኝ፦
ጀጎልን ከባቡር ጣቢያ ጀርባ ጋር? ጀጎል ከተማውን የከበበ ግንብ አለው፣ አምስት የታወቁ በሮች አሉት፣ የስንት መቶ ዓመት ታሪክ አለው። እናንተ ያላችሁ የቆርቆሮ በር ነው።

ፍራንኮ ማዶ፦
ሃሃሃ ቆርቆሮ በሩ ላይ ግን አገኘህው።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ ሁለት ነገር እየደባለቃችሁ ነው። የሽሚንደፈር፣ ማለትም የፈረንሳዮቹ የባቡር ድርጅት፣ ቤቶች ሌላ ናቸው፣ በዙሪያው ሰው እየመጣ የሠራው ጭቃ ቤት ሌላ ነው። የድርጅቱ ቤት ሲሠራ ጣሪያው ከፍ ይላል፣ ፊቱ በረንዳ አለው፣ ሙቀቱ እንዲወጣ ታስቦበት ነው። ድሬዳዋ ከዚራን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የተተከለበት ነው። እኔ ስቀጠር የሞላሁት ፎርም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር። አለቆቻችን ብዙ ነገር በድለውናል፣ ቤት መሥራት ግን ያውቁ ነበር።

ሲቪል ነኝ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት የድርጅቱን ግቢ ከሆነ እኔም እጄን አወጣለሁ። እሱ ይጠገን፣ ሙዚየምም ይሁን። እኔ የምናገረው ከአጥሩ ውጭ ስላለው ነው።

የጣቢያ ልጅ፦
አያችሁ! ጠብቄው ነበር። ፈረንጅ ያሠራው ሲሆን «ይጠገን፣ ሙዚየም ይሁን»፤ እናቴ በእግሯ ጭድ ረግጣ ያቦካችው ሲሆን «የጭቃ ክምር»። ሐዲዱን የቀጠቀጠው፣ ጭነት የተሸከመው፣ ለተሳፋሪው ሻይ ያፈላው የት ነበር የሚያድረው? ከአጥሩ ውጭ ነዋ! ኢንጂነር ሆይ፣ ለአንተ ታሪክ አጥሩ ጋ ያልቃል።

ሲቪል ነኝ፦
ቃል አታስገባብኝ። «የጭቃ ክምር» ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሰውዬው ነው።

የጣቢያ ልጅ፦
አንተ «ጭቃ» ብለሃል፣ እሱ «ክምር» ጨመረበት። ተባብራችኋል።

ተከራይዋ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ክምሩ ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ። የቀበሌ ቤት ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ አብጧል። የዶሮ ሽቦ አስመትተን በሲሚንቶ አስለሰንነው። አንድ ክረምት አለፈለት፤ ከዚያ ውሃው ከውስጥ ይዞ ልስኑ እንደ ቂጣ ተገሽልጦ ወረደ። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ስላለ ጎርፉ አሁን የሚገባው በደጄ ነው። እድሳት ልፈቀድ ብዬ ሳመለክት «ቦታው ለልማት ይፈለጋል» ተባልኩ። መቼ ስል መልስ የለም። ሽንት ቤቱ ለዘጠኝ አባወራ አንድ ነው። አሁን ንገሩኝ፣ ቅርስ ነኝ ወይስ ክምር?

ሲቪል ነኝ፦
እህቴ፣ ጭቃ ላይ ሲሚንቶ አይለሰንም። ግድግዳው መተንፈስ አለበት፣ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ እንዲያ ይገነጠላል። በጭቃና በጭድ መልሶ መምረግ፣ ከላይ ኖራ መቀባት ነበር። ቋሚውን ደግሞ ከታች ቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

የጣቢያ ልጅ፦
ቆይ ቆይ! «ማስቀመጥ ይቻላል» አልክ? ከደቂቃዎች በፊት ዱቄት ነበር እኮ!

ሲቪል ነኝ፦
መቻሉና ማዋጣቱ ይለያያል።

ከሚኒሶታ፦
ሰላም ለናዝሬት ልጆች። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እባካችሁ አታስፈርሱት። ያ በረንዳ፣ ያ ቡና የሚወቀጥበት ድምፅ... ስመጣ የማየው ምን ሊቀረኝ ነው?

ፍራንኮ ማዶ፦
መጀመሪያ አዳማ በል።

ተከራይዋ፦
ወንድሜ፣ ስትመጣ የምታርፈው ሆቴል ነው። ፎቶ ተነስተህ ትሄዳለህ፣ እኔ ባልዲዬን ይዤ ጎርፉን እጠብቃለሁ። እንባህን ለቆርቆሮ መግዣ ቀይርልኝ።

ከሚኒሶታ፦
እህቴ እንዲህ አይባልም። እኔም እዚያው ጭቃ ቤት ነው ያደግኩት።

ተከራይዋ፦
ወጥተሃል እኮ። ነጥቡ እሱ ነው።

ሕግ አንባቢ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ቤቶቹ ለምን እንዲህ ሆኑ? አዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤትን ሁሉ ሲወርስ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በላይ የሆነው ለመንግሥት ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ፣ ከዚያ በታች ያለው ለቀበሌ። ደህና ደህናው ቪላ አንድ ወገን፣ ጭቃ ቤቱ ሌላ ወገን። ቀበሌ የሚሰበስበው ኪራይ ሚስማር እንኳ አይገዛም። ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ ገንዘቡን አያፈስበትም፣ ቀበሌው ደግሞ የሚያፈሰው የለውም። ቤቱ የበሰበሰው በጭቃነቱ ሳይሆን ባለቤት አጥቶ ነው። ስለ ቅርስም፣ አዋጅ 209/1992 የሚለካው በታሪካዊና ባህላዊ ዋጋው እንጂ በግድግዳው ዓይነት አይደለም።

ፍራንኮ ማዶ፦
በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ይሄ አዋጅህ ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር?

ሕግ አንባቢ፦
ሕግ መኖሩና መከበሩ ለየቅል ነው። ባይኖር ግን የምትከራከርበትም የለህም።

ፍራንኮ ማዶ፦
አሁን ለመከራከር ነው ለመኖር? ኮሪደሩ ሲመጣ መንገድ ይሰፋል፣ መብራት ይገባል፣ የእግረኛ መንገድ ይኖራል። ልጄ በማታ ሳትሰጋ ትገባለች። እናንተ ስለ ምርጊት ታወራላችሁ።

የጣቢያ ልጅ፦
መብራቱን ማን ጠላ? መስታወት ፎቅ ግን ለአዳማ ፀሐይ? ሚያዝያ ላይ ስምንት ሰዓት ገብተህ ቁጭ በልበት። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ያቀዘቅዛል፣ ይሄንን ኢንጂነሩም አይክድም።

ሲቪል ነኝ፦
አልክድም። ጣሪያው ቆርቆሮ ሲሆን ግን ቅዝቃዜው ግማሹ ይጠፋል። ኮርኒስ ይፈልጋል።

ጡረተኛው፦
ባቡሩ ራሱ ከተማውን ትቶ ሄዷል፣ እናንተ ስለ ኮርኒስ። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ተሳፋሪው ባጃጅ ይዞ ነው የሚሄደው። የድሮው ጣቢያ ሰው ካልረገጠው ጥገናው ለማን ነው? ሥራ ስጡት መጀመሪያ፣ ገበያ አድርጉት፣ ወርክሾፕ አድርጉት።

ወንጂ ነኝ፦
ስለ ሠራተኛ ቤት ከሆነ ለምን ወንጂ አትመጡም? ሆላንዶቹ በ1946 ስኳር ማምረት ሲጀምሩ የሠሩት ግቢ አዳማ ውስጥ አቻ የለውም። ዛፉ ብቻውን ቅርስ ነው። የእናንተ ጣቢያ ከእሱ ጋር አይወዳደርም።

የጣቢያ ልጅ፦
የማን ግቢ? የማናጀሮቹ? ከከምባታ፣ ከሐድያና ከወላይታ መጥቶ ሸንኮራ የቆረጠው ሰው ካምፑ ውስጥ እንዴት ይኖር እንደነበርስ? ስለ እሱ ቤት አንድ ፎቶ አምጣ እስቲ።

ወንጂ ነኝ፦
አባቴ ካምፕ ነው ያደገው፣ አንተ ልታስተምረኝ ነው?

የጣቢያ ልጅ፦
ታዲያ አባትህ ያደገበትን ትተህ ስለ ሆላንዱ ዛፍ ለምን ትነግረናለህ?

ተከራይዋ፦
ወንጂን ለብቻ ክፈቱለት። የሽንት ቤቱን ጥያቄ እኮ ማንም አልመለሰልኝም።

ሲቪል ነኝ፦
እህቴ፣ ግድግዳሽን ቅዳሜ መጥቼ ላየው እችላለሁ። ቅርስ ነው ብዬ ግን አይደለም።

የጣቢያ ልጅ፦
ና፣ እኔም እመጣለሁ። የዱቄቱን ቋሚ አብረን እናያለን።