አዲስ ተመራቂ ነርስ ነኝ፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ጭንቀት ከበደኝ

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ ተምሬ፣ ኤንክሌክስ የተባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና አልፌ፣ አሁን በአንድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ከአሠልጣኝ ነርስ ጋር የምሠራበት ጊዜ ሊያልቅ ስለ ተቃረበ በቅርቡ ሁለት ሕሙማንን ብቻዬን መረከብ ይጠበቅብኛል፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይርዳል።

የሚያስጨንቀኝ ትምህርቱ አይደለም። የመተንፈሻ ማሽኑን፣ የደም ግፊት ማንሻ መድኃኒቶችን፣ የማደንዘዣዎቹን መጠን አጥንቻለሁ። ሆኖም ሐኪሙ በስልክ ፈጥኖ ሲናገር ከትእዛዙ ከፊሉ ያመልጠኛል፤ ይድገሙልኝ ለማለት ደግሞ አፌ አይፈታም። ታላቅ ሲናገር አቋርጦ መጠየቅ ነውር እንደ ሆነ እየሰማሁ ስላደግሁ ዝም እላለሁ፤ አሠልጣኜም ዝምታዬን አይታ በራስ መተማመን ይጎድላታል ብላ በግምገማዬ ላይ ጽፋለች። ቀን ለመተኛት ጋደም ስል የማሽኖቹ ጩኸት በጆሮዬ ይመላለሳል። አገር ቤት ያሉ ወላጆቼ በእኔ ስለሚኮሩ ይህን ለእነርሱ ማዋየት አልቻልሁም። ወደ ሌላ ክፍል እንድዛወር ብጠይቅ ለወደፊቱ ይጎዳኝ ይሆን? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከዳላስ

እኅቴ፣ አዳዲስ ነርሶችን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለማሠለጥን የጻፉትን በጥሞና አነበብሁት። ከስልኩ ልጀምር፤ ለሕመምተኛው ከሁሉ የሚያሰጋው እርሱ ነውና። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ተጽፎ፣ ላዘዘው ሐኪም ተመልሶ ተነብቦ፣ እርሱም ትክክል መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ እንደሚፈጸም የአሜሪካ ሆስፒታሎች ደንብ ነው። ደንቡ እዚህ ተወልዶ ባደገው ነርስ ላይም እኩል ይሠራል። ስለዚህ ያዘዙትን መልሼ ላንብብልዎ ሲሉ ይቅርታ መጠየቅ አይገባዎትም። ቁጥሮችን አሃዝ በአሃዝ ይናገሩ፤ ፊፍቲን እና ፊፍቲ በስልክ ተመሳስለው ስለሚሰሙ ዋን ፋይቭ ወይስ ፋይቭ ዜሮ ብለው ይለዩ።

ከመደወልዎ በፊት አራት ነገሮችን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ አሁን የሆነውን፣ የሕመምተኛውን ታሪክ፣ እርስዎ የሚገምቱትን፣ ከሐኪሙ የሚፈልጉትን። ይህ ኤስባር የሚባለው አነጋገር ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተወስዶ ካይዘር ፐርማኔንቴ በተባለው የአሜሪካ የጤና ድርጅት በኩል ወደ ሕክምናው የገባ ነው። ከእኛ አገር ሰዎች ጋር ስሠራ እንዳየሁት የሚያስቸግረው አራተኛው ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አሳምረው ይናገሩና ሐኪሙ ራሱ ይወቀው ብለው ያቆማሉ። ሐኪሙ ግን እኩለ ሌሊት ከእንቅልፉ ተነሥቶ ከሌላ ቦታ እያዳመጠ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ እንዲህ ይበሉ፤ አማካይ የደም ግፊታቸው ከ65 በታች ወርዷል፣ በሴፕሲስ (መላ ሰውነትን ባወከ ኢንፌክሽን) ነው የገቡት፣ የግፊት ማንሻው ኖርኢፒነፍሪን የታዘዘለት ጣሪያ ላይ ደርሷል፣ እየባሰባቸው ይመስለኛል፣ አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩአቸው እፈልጋለሁ፤ ይህን እስከ መጨረሻው መናገር ሐኪሙን መድፈር ሳይሆን ከነርስ የሚጠበቅ ሥራ ነው።

ስለ ኖርኢፒነፍሪን ካነሣሁ አይቀር፣ ፈረቃዎን ሲረከቡ በከረጢቱ ውስጥ የቀረው ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ አስልተው ተተኪውን አስቀድመው ያዘጋጁ። መድኃኒቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። እንዲህ ያለውን አስቀድሞ ማሰናዳት የሌሊቱን ፍርሃት በእጅጉ ያቀልለዋል። የሥልጠናው ጊዜ እንዲራዘምልዎ ከፈለጉም ሳያልቅ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጥያቄዎም ገና ያልተለማመዱትን፣ ለምሳሌ ተከታታይ ዳያሊሲስን (ሳያቋርጥ ደም የሚያጣራውን የኩላሊት ማሽን)፣ በስሙ የሚጠቅስ ይሁን።

መልስ፣ ከሚኒሶታ

የወንድሜ ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስለ ሞት ማንም አላነሣም። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ታስቦ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። እዚህ ሐኪሙ ለልጅ በስልክ ሲያረዳ አጠገቡ እንቆማለን፤ ቤተሰቡ ተስማምቶ የመተንፈሻ ቱቦው ሲወጣ ሕመምተኛው እንዳይሠቃይ ሞርፊኑን የምንሰጠው እኛ ነን፤ አስከሬኑን አጥበን ከሸኘን በኋላም አልጋው ተጸድቶ ሌላ ሰው ይተኛበታል። ለቅሶ ተቀምጦ እርሙን ማውጣት የለመደ ሰው ይህን በየሳምንቱ እያየ ወደ ቤቱ ዝም ብሎ ሲገባ፣ ኀዘኑ በእንቅልፉና በምግቡ ላይ ይወጣል። እርስዎም የሚሰማዎ የማሽን ጩኸት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

የሆስፒታሉ ቻፕሊን፣ ማለትም መንፈሳዊ አጽናኙ፣ ሠራተኞችንም ያነጋግራል። ብዙ ሆስፒታሎች ለሠራተኛው ያለ ክፍያ፣ ምስጢሩ ተጠብቆ የሚሰጥ የምክር አገልግሎትም አላቸው። ጭንቀቱ ሕይወትን እስከ መጥላት ቢያደርስ ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ በ988 ደውሎ በማንኛውም ሰዓት ሰው ማነጋገር ይቻላል።

እንቅልፍዎን የሚነሣዎ ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፤ እርስዎ ጠዋት ሊተኙ ሲሉ አገር ቤት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የዘመድ ስልክ የሚበዛው ያኔ ነው። የሚደወልበትን ሰዓት ለቤተሰብዎ ወስነው ይንገሯቸው፤ አይቀየሙም። በጾም ወራት ሌሊቱን ሙሉ ሳይበሉ የሚቆሙ ከሆነ ደግሞ ንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

መልስ፣ ከካሊፎርኒያ

ሁለታችሁም መልካም መክራችኋል፤ ሆኖም ሸክሙ ሁሉ በእኅታችን ላይ ብቻ እንዲወድቅ አልወድም። እዚህ ካሊፎርኒያ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ነርስ ከሁለት ሕሙማን በላይ እንዳይረከብ ሕግ ይከለክላል። በሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን ይህን የሚወስነው ሆስፒታሉ ስለሆነ፣ ሦስተኛ ሕመምተኛ ሲጨመርብዎ የሚመጣው ጭንቀት ከእርስዎ ድክመት አይደለም። እንዲህ ያለው ድልድል ሲሰጥዎ ለቻርጅ ነርሷ (ለፈረቃው ኃላፊ ነርስ) ወዲያውኑ ያሳውቁ፣ ሰዓቱንም ይመዝግቡ። በአነጋገር ዘዬዎ የሚያፌዝ ባልደረባ ካለም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት በሥራ ላይ የሚደርስን አድልዎ ይከለክላል፤ በዘዬ ሰበብ የሚደርሰውም በዚሁ ሊታይ ይችላል።

ስለ ዝውውሩ፣ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ደረጃ ቀለል ወዳለው ስቴፕ ዳውን ክፍል ሄዶ መሥራት ከሞያው ማፈግፈግ አይደለም። በዚያ ክፍል ሕሙማኑ ከባድ ቢሆኑም የመረጋጊያ ጊዜ ይገኛል፤ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በኋላ የተመለሱ ጎበዝ ነርሶችን አውቃለሁ። እኔ ብሆን ግን ከዳላስ የተባለውን ማራዘሚያ አስቀድሜ እሞክራለሁ።

ጠያቂ፣ ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማራዘሚያውን በጽሑፍ ለመጠየቅ ወስኛለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ስቀጠር የተሰጠኝን ቦነስ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከለቀቅሁ እንደምመልስ ፈርሜአለሁ። በዚያው ሆስፒታል ውስጥ ክፍል ብቀይርም እከፍል ይሆን?

መልስ፣ ከካሊፎርኒያ

ውሉ ላይ የተጻፈው መልቀቅ ከሆስፒታሉ ነው ወይስ ከክፍሉ የሚለውን ይመልከቱ፤ ሁለቱንም ዓይነት ውል አይቻለሁ። ግልጽ ካልሆነ ዝውውሩን ከመጠየቅዎ በፊት የሰው ኃይል ክፍሉን በኢሜይል ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ።