«ሁሉም በአንድ በር ይግባ»፦ በዩኒቨርሲቲ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች የሚሰጠው ልዩ ድጋፍ ይቅር ወይ?

ሳምሪ፦
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር በሬዲዮ ውይይት ላይ «ሁሉም በአንድ በር ይግባ፣ ለሴት ለታዳጊ ክልል እየተባለ የሚሰጠው ነጥብ ይቅር» ብለዋል። ግቢ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ይህን ሲል ያስቆጣል። በሩ እኮ አንድ ከሆነ ቆየ! ከ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወዲህ በቀጥታ ለመግባት ወንዱም ሴቷም፣ የአዲስ አበባውም የአፋሩም 50 በመቶ ማምጣት አለባቸው። ያን ዓመት ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። የተለየ ነጥብ አሁንም ያለው ሪሚዲያል (50 ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) መግቢያ ላይ ነው። ለመመረቅ የሚወሰደው መውጫ ፈተናም ለሁሉም 50 ነው። ታዲያ ይቅር የሚሉት የቱን ነው?

ደሬ፦
ሳምሪ፣ «በሩ አንድ ሆኗል» ያልሽው ግማሹን ብቻ ነው። ሁለተኛው በር ፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት) ሲያልቅ፣ ዲፓርትመንት ሲመደብ ነው ያለው። ቀመሩ እንደየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ይለያያል። ለምሳሌ ጂፒኤው (ከ4 የሚታሰበው አማካይ ውጤት) ከ70፣ የ12ኛ ክፍሉ ውጤት ከ30 ተይዞ ለሴት 5 ነጥብ ይጨመር እንበል። 5 ነጥብ ከ70ው ላይ ሲሰላ ወደ 0.29 ጂፒኤ ይሆናል። የመግቢያ ውጤታቸው እኩል ከሆነ 3.40 ያላት (59.5 ሲደመር 5፣ 64.5) 3.68 ያለውን (64.4) ትቀድማለች ማለት ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግና ሕክምና ላይ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

አንቀጽ 35፦
ሕጉን እናንብብ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ 3 ለሴቶች ልዩ ድጋፍ ይደረግ ይላል። አንቀጽ 89 ንዑስ 4 ደግሞ በልማት ወደኋላ ለቀሩት ብሔር ብሔረሰቦች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ መንግሥትን ያዛል። በራሱ ጊዜ «ይቅር» ማለት የሚችል ዩኒቨርሲቲ የለም። ሊከራከሩ የሚችሉት በመጠኑና በአሠራሩ ላይ ነው።

ደሬ፦
እኔም ያልኩት መጠኑን ነው። በቀድሞው የሲቪል ሰርቪስ አዋጅ፣ በ515/1999 ላይ ሳይቀር፣ ለሴት፣ ለአካል ጉዳተኛና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥሩ ላነሰ ብሔረሰብ አባል ቅድሚያ ይሰጥ የነበረው «እኩል ወይም ተቀራራቢ» ውጤት ሲኖር ነበር። 0.29 ጂፒኤ ተቀራራቢ ነው?

ሳምሪ፦
አዎ፣ ተቀራራቢ ነው! የአንድ ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ልዩነት ነው። ደሞ ሲቪል ሰርቪስ ሥራ የሚሰጠው ሠልጥኖ ለመጣ ሰው ነው፣ ዲፓርትመንት ግን ለማሠልጠን ነው የሚቀበለው። ሁለቱን አታምታታ።

የሎጊያው፦
የሁላችሁም ክርክር ነጥብ ላይ ቆሟል። ታዳጊ ክልል የምትሉት አፋር፣ ሶማሌ፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ነው። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ኬሚስትሪ ላይ 5 ነጥብ ስለተጨመረለት ቲትሬሽን የሚባለውን የቤተ ሙከራ ሥራ አይችልም። የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ ገና በመጀመሪያው ወር፣ ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሳይደርስ፣ ደረጃውን የሚለይ አጭር ፈተና፤ ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከ15 እስከ 20 ልጅ ብቻ ያለበት ቱቶሪያል (የማጠናከሪያ ትምህርት)። አሁን በብዙ ቦታ ቱቶሪያል የሚጀመረው ውጤት ከተበላሸ በኋላ ነው፣ 80 ልጅ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ለአስተማሪው የሚከፈለው ይዘገያል፣ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል። ሪፖርቱ ላይ ግን «ቱቶሪያል ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል።

ደሬ፦
በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ግን ይህ ለሁሉም ደካማ ተማሪ ይሁን እንጂ በክልል ለምን ይከፈላል? ጅግጅጋ ከተማ ጥሩ የግል ትምህርት ቤት የተማረውስ? ዋግ ኽምራ ገጠር ያለው ድሃ ልጅስ?

የሎጊያው፦
የዋግ ኽምራው ይጨመር እንጂ የእኛው አይቀነስ! ሁልጊዜ የሌላው ድህነት የሚጠቀሰው የአርብቶ አደሩ ድጋፍ ሲነሳ ነው። ትምህርት ቤቱ ይታይ ካልክ እስማማለሁ፦ ልጁ የተማረበት ትምህርት ቤት ባለፉት ዓመታት ስንት አሳለፈ? ሚኒስቴሩ እጅ ያለ መረጃ ነው፣ በእሱ መመዘን ይቻላል።

አንቀጽ 35፦
በትምህርት ቤት መመዘን ለሴቷ አይሠራም። ወንዱና ሴቷ ከአንድ ክፍል ነው የሚመጡት። ልዩነቱ ቤት ውስጥ ነው።

ብርሃን፦
አካል ጉዳተኛውን እስካሁን ማንም አላነሳም። ለእሱ ነጥቡ ትንሹ ጉዳይ ነው። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ከወጣ በኋላ የተሠሩ ባለ አራት ፎቅ መማሪያዎች ውስጥ ሊፍቱ የማይሠራ አለ፣ ራምፑ ተሽከርካሪ ወንበር በራሱ እጅ የማይገፋበት ቀጥ ያለ አለ። ሬጅስትራር ግን ያለ አንድ ብር ሊያስተካክለው ይችላል፦ ሴክሽን ሲደለድል የዊልቸር ተጠቃሚ ያለበትን ሴክሽን ምድር ቤት ይመድብ። ይህ የሚበላሸው የጉዳት መረጃው ምዝገባ ላይ ተሞልቶ ፕሮግራም የሚያወጣው ሰው ጋ ስለማይደርስ ነው። መውጫ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ለዓይነ ስውሩ አንባቢ ሲመደብ ደግሞ የትምህርቱን ቃላት የማያውቅ ሰው ይመደባል። የአካውንቲንግ ሠንጠረዥ ማንበብ የማይችል አንባቢ ተፈታኙን ይጥለዋል።

ሳምሪ፦
ብርሃን እውነት ነው። መምህራኑ ዘንድም እንሂድ። ግራጅዌት አሲስታንት (የመጀመሪያው የመምህርነት ደረጃ) ሆነው የሚቀጠሩ ሴቶች አሉ፣ ረዳት ፕሮፌሰር ላይ ሲደረስ ይሳሳሉ። የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ነው፣ 30 ከወሊድ በፊት 90 በኋላ። ስትመለስ ሙሉ የማስተማር ክሬዲት ይጫንባታል፣ ለእድገት የሚጠበቅባት የሕትመት ጊዜ ቆጠራም አልቆመላትም። የሴኔቱ ሕግ ላይ የወሊድ ዓመት ከእድገት ዘመን አይቆጠር የሚል አንድ መስመር ይግባ።

ደሬ፦
በመምህራን ብዝኃነት ላይ ዋናው ችግርማ ሌላ ነው። የፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ሆኖ «ፕሬዚዳንቱ የአካባቢው ተወላጅ ይሁን» የሚል ግፊት ባለበት፣ ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ተቀጣሪው በታወቀበት፣ ስለ ሴቶች ድጋፍ ብቻ መጨቃጨቅ ምን ይሉታል?

የሎጊያው፦
«የአካባቢው ተወላጅ» ስትል ልብ በል። ሰመራ ላይ አፋርኛ የሚችል የተማሪዎች አማካሪ መቅጠር አድልዎ ነው?

ደሬ፦
አማካሪና ፕሬዚዳንት አንድ ነው ያለህ ማን ነው?

ሳምሪ፦
ወደ ነጥቡ እንመለስ። ደሬ፣ የአንድ ዲፓርትመንት ምደባ ዝርዝር በሁለት ዓምድ ይለጠፍ፦ ከጭማሪው በፊት ያለው ደረጃና በኋላ ያለው። ስንቷ ሴት ያለ ጭማሪው ትገባ እንደነበር ሁሉም ያየዋል፣ «በነጥብ ገባች» የሚለው ሐሜት ማስረጃ ያጣል።

ደሬ፦
ይለጠፍ! ግን በጭማሪው የገቡትም ከነስማቸው ይታወቃሉ። ያኔ ሐሜቱ በስም ይሆናል።

ሳምሪ፦
በመታወቂያ ቁጥር ይሁን።

ደሬ፦
በአንድ ክፍል 50 ልጅ ባለበት የማን ቁጥር እንደሆነ የማያውቅ የለም።