አዲስ ካቴና ካስገባሁ ወዲህ ማርሹ እየዘለለ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (አዲስ አበባ)፦
ሰላም ናችሁ? ያገለገለች የውድድር ብስክሌት ገዝቻለሁ። የማርሽ ዕቃዋ ሺማኖ 105 ነው። ፊት 50 እና 34፣ ኋላ ባለ 10 ማርሽ፣ ከ11 እስከ 28 ጥርስ። ካቴናው ስላረጀ ባለፈው ሳምንት አዲስ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ቅዳሜ ጠዋት የሱሉልታ መንገድ ላይ ትንሽ አቀበት አገኘሁና ከኮርቻው ተነስቼ ገፋሁ። “ቋ!” አለና ፔዳሉ ባዶውን ወረደ። ጉልበቴ ከመሪው ጋር ተላተመ። ከኋላዬ አይሱዙ እየመጣ ነበር፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፈኝ።

የሚዘለው መሃል ላይ ነው፣ በተለይ ባለ 15 እና ባለ 17 ጥርሱ ላይ። እንጦጦን በ28ቱ ስወጣ አይዘልም፤ እዚያ ደግሞ ከኋላ ጎማው ሽቦ በኩል ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አለ። አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት፣ “ካቴናው ፎርጅድ ነው” አሉኝ። ሌላ ልግዛ?

ፔዳል (አዳማ)፦
የማርሹ ገመድ ላልቶ ይሆናል። ኋላ ያለው ማርሽ ቀያሪ ጋ ገመዱ የሚገባበት በእጅ የሚዞር ጉብ ነገር አለ። ከኋላ ሆነሽ እያየሽ ወደ ግራ ሩብ ዙር አዙሪው፣ ከዚያ ሞክሪ። የእኔ በዚህ ድኗል።

ጋሽ ካቻቢቴ (መቀሌ)፦
ቆዩ፣ ምንም ከመነካቱ በፊት ልጠይቃት። ልጄ፣ ዝላዩ ስትገፊ ብቻ ነው ወይስ ጎማው ከመሬት ተነስቶ በእጅሽ ስታዞሪም አለ? ምት አለው? ፔዳሉ ሁለት ጊዜ ያህል በዞረ ቁጥር የሚመጣ ከሆነ ካቴናው ላይ አንድ የደረቀ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው። ፔዳሉን ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ ብታዞሪ፣ እሱ ሲያልፍ ማርሽ ቀያሪው ሲነጥር በዓይንሽ ታዪዋለሽ። አሮጌውን ካቴናስ ጥለሽዋል?

ጠያቂ፦
ስገፋ ብቻ ነው ጋሼ። በእጅ ሳዞረው ጸጥ ይላል። ምት የለውም፣ ወደ ኋላም ሳዞር ምንም አልነጠረ። የገመዱን ጉብ ሞከርኩት፣ ለውጥ የለም። አሮጌው ካቴና ቤት አለ።

ጋሽ ካቻቢቴ፦
ስላልጣልሽው ደስ አለኝ። አሁን ለኪው። አንጠልጥይውና የሜትሩን ኢንች ያለበትን በኩል ያዢ። ዜሮውን አንዱ ፒን መሃል ላይ አድርጊና 24 ቀለበት ቁጠሪ። አዲስ ካቴና ልክ 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊሜትር ላይ ያርፋል። 306 ተኩል አካባቢ ከደረሰ መቀየሪያው ነው። 308 ከሆነ ግን ካሴቱንም፣ ማለትም የኋላ ማርሾቹን ስብስብ፣ ይዞት ሄዷል።

ብረቱ ተለጥጦ አይደለም የሚረዝመው። በአቧራና በጭቃ ፒኑና ፒኑ የሚዞርበት ቀዳዳ ይበላሉ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲላላ ድምሩ ይረዝማል። የካሴቱ ጥርሶችም ከረዘመው ካቴና ጋር አብረው ይበላሉ። ለዚህ ነው ሁለቱ አሮጌዎች ተስማምተው የሚኖሩት። አዲሱ በየ12.7 ሚሊሜትሩ ጥርስ ሲፈልግ ጥርሱ ተበልቷል። ስትገፊው ይንሸራተትና ጥርሱ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይዘላል። ብዙ የምትነጂባቸው 15 እና 17 ናቸው፣ 28ቱን ለአቀበት ብቻ ነው የምታወጪው። ስለዚህ አዲሱን ካቴና አትውቀሺው።

ጠያቂ፦
ለካሁት። 308ን አልፎ 309 ሊደርስ ነው! አሮጌውን መልሼ አስገባሁና ሰፈር ውስጥ ያለች ዳገት ላይ እየፈራሁ ተነስቼ ገፋሁ። አንድም ጊዜ አልዘለለም።

ጋሽ ካቻቢቴ፦
በቃ፣ ካሴቱ ነው። እስኪገኝ በአሮጌው ንጂ፣ አዲሱን ጠቅልለሽ አስቀምጪው። አሁን ወደ ድምፁ እንሂድ። ብስክሌቷ በቀኝ በኩል ወድቃ ታውቃለች?

ጠያቂ፦
ሚኒባስ ላይ ተጭና ስትወርድ ወድቃለች።

ጋሽ ካቻቢቴ፦
ከኋላዋ ተንበርከኪና እዪ። ማርሽ ቀያሪው ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች አንዱ ካንዱ በታች ቀጥ ብለው መውረድ አለባቸው። የታችኛው ወደ ሽቦው ካዘነበለ ማርሽ ቀያሪውን የሚይዘው ብረት፣ ሃንገሩ፣ ታጥፏል። እስኪቃና ድረስ 28ቱ ላይ እንዳትወጪ፣ አደራ! ሽቦ ውስጥ ከገባ ማርሽ ቀያሪውን ቆርጦት ነው የሚወጣው።

ፔዳል፦
እኔ በፒንሳ አቃንቼዋለሁ።

ጋሽ ካቻቢቴ፦
ወንድሜ፣ ፒንሳ የብሎኑን ጥርስ ያበላሻል። የሃንገር መለኪያ ያለው ሰው ከተገኘ እሱ ያቃናው። ከሌለ እኛ የምንሠራው እንዲህ ነው፦ ማርሽ ቀያሪውን ፈትተን በቦታው በብሎን የሚታሰር የድሮ የኋላ ጎማ አክሱ ላይ እንጠምዛለን። የአክሱ ጥርስ ከሃንገሩ ጋር አንድ፣ 10 በ1 ሚሊሜትር፣ መሆኑን መጀመሪያ እናያለን። ያኔ ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ይቆማል። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከላይ፣ ከታች፣ ከፊት፣ ከኋላ እኩል እስኪሆን ቀስ አድርገን እንገፋለን። አሉሚኒየም ስለሆነ ደጋግሞ መታጠፍ አይወድም። ስንጥቅ ካየሽ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና መሳዩን ግዢ፤ ቅርጹ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል።

ከዲሲ፦
እህቴ፣ ካሴቱን እዚህ ገዝቼ ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሻለሁ። 10 ማርሽ፣ 11-28፣ አይደል?

ጠያቂ፦
አዎ! እንዴት እንደማመሰግንህ አላውቅም።

ፔዳል፦
አዲሱ ሲገባ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዳትቀቢው። ውስጡ የብረት ብናኝ አለው፣ ካቴናውን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ግሪስም ላዩ ላይ አቧራ ይሰበስባል። እኔ በላምባና በጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፣ በደንብ አደርቃለሁ፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አደርጋለሁ። ከዚያ ውጩን በጨርቅ እስኪደርቅ እጠርገዋለሁ።

ጠያቂ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ካሴቱ ደረሰ! ሃንገሩም በጋሼ ዘዴ ተቃና፣ ድምፁ የለም። ችግሩ ካሴቱን አጥብቄ አስሬው በእጄ ስነካው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። የማሰሪያው ቀለበት ተበላሽቶ ይሆን?

ጋሽ ካቻቢቴ፦
አሮጌውን ስትፈቺ ከኋላው ስስ የብረት ቀለበት አልወጣም? 1 ሚሊሜትር ናት። የሺማኖ ባለ 10 ካሴቶች ብዙዎቹ ያለሷ አይጠብቁም።

ጠያቂ፦
ላምባ ያለበት ጣሳ ውስጥ አገኘኋት! አስገባኋት፣ ጥብቅ አለ። ነገ ጠዋት ሱሉልታ ነኝ።