ኮሶ ታየብኝ፤ እናቴ ግን መድኃኒቱን አምጥታ አልወቅጥም አለች

ጠያቂዋ፦
ሰላም ወገኖች። ነገሩ ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ልናገረው። ከፋሲካ ወዲህ ጥሬ ሥጋ አብዝቼ ነበርና ኮሶ ታየብኝ። እናቴ መንዝ ነው የምትኖረው። ስነግራት ደረቅ የኮሶ አበባ፣ ጦስኝና ዳማከሴ በፌስታል ቋጥራ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ድረስ መጣች። ከመጣች በኋላ ግን ኮሶውን ጓዳ ሰቅላው መልሷ «ቆይ እስኪ» ብቻ ሆነ። ይኸው ስድስት ቀን። ራሴ ወቅጬ ልጠጣው ነው። ስንት ይበቃል? በምን ይበጠበጣል?

የጓሳ ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ፣ ምን ያሳፍራል። ድሮ እኛ ቤት በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት እንደ ገላ መታጠብ ነበር። መጀመሪያ አበባውን እዪው፣ ቀላ ያለው ሴቴው ነው መድኃኒቱ። ማታ ቀለል ያለ ነገር ትቀምሻለሽ፣ ሌሊት ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፣ ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆድ አፍንጫሽን ይዘሽ ጭልጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው፤ እስኪያሽር ድረስ እህል የለም። ምሬቱን አልነግርሽም። መጠኑን አያቴ በእፍኟ ነበር የምትለካው፣ እፍኟ ደግሞ አብሯት ተቀበረ።

ፋርማሲስቷ፦
ችግሩም ያ እፍኝ ነው። ኮሶ ትሉን ያስወጣል፣ ግን ጉልበቱ ከአበባ አበባ ይለያያል፣ ብዙ ሲቆይም ይደክማል። ሲበዛ ክፉኛ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ዓይን የጎዳበት ጊዜም አለ። ሰገራ ተመርመሪ። የኮሶ ትል መሆኑ ከታወቀ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳሚድ ይታዘዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ተወስዶ ያልቃል። ኪኒኑንና ኮሶውን ደርበሽ እንዳትወስጂ። ደግሞ ልጠይቅሽ፣ እርግዝና የለም አይደል?

ደብረ ብርሃን፦
ዳማከሴው ለምች ነው፣ ከኮሶው ጋር እንዳታምታቺው። ቅጠሉ ታሽቶ ጭማቂው ቡና ላይ ጠብ ይደረጋል፣ የቀረውን ግንባርና ገላ ትታሺበታለሽ። ጦስኙን ለሳልም ለሻይም ነው የምንጠቀምበት፣ ሽሮ ላይ ጣል ሲደረግበት ደግሞ... ከርዕስ ወጣሁ መሰለኝ።

ጠያቂዋ፦
የወር አበባዬ ሁለት ሳምንት አልፎታል። እኔ ግን ከትሉ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

የጓሳ ልጅ፦
ኧረ ተይው በቃ! ለነፍሰ ጡር ኮሶ አይሰጥም፣ ጽንስ ያስወርዳል፣ ይሄንን እኛ አገር ልጅ እንኳን ያውቀዋል። የጻፍኩልሽን እንዳላየሽ ቁጠሪው። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ፋርማሲስቷ፦
ዛሬውኑ የሽንት ምርመራ አድርጊ። ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ እርግዝናውንም ትሉንም አብረሽ ንገሪያቸው፣ ኪኒን በራስሽ እንዳትገዢ። ከበሬ ሥጋ የሚመጣው ትል ለጥቂት ጊዜ ቢቆይ ብዙ አያሰጋም፣ መቼ እንደሚታከም ሐኪሙ ይወስናል። ቡናሽ ላይ ጤና አዳም የምትጨምሪ ከሆነም አቁሚ። ጥሬ ሥጋውንማ አልነግርሽም።

ጠያቂዋ (በማግስቱ)፦
ሁለት መስመር ወጣ። ለእናቴ ልነግራት ጓዳ ገባሁ፣ ገና አፌን ሳልከፍት ፌስታሉን እየቋጠረች «ከመጣሁ ጀምሮ ቡናሽ ላይ ጤና አዳም አይተሻል?» አለችኝ።