አይጥ የዊዬን ገመድ በላችብኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። አክስቴ ከአሜሪካ የላከችልን ኔንቴንዶ ዊ የሚባል የቴሌቪዥን ጌም ማጫወቻ አለ። ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠውን ዘንግ ገመድ አይጥ በጠሰችው። አሁን ሪሞቱን ብወዘውዘው ጠቋሚው ስክሪኑ ላይ አይወጣም።

ዘንጉ ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ) ብርሃን ብቻ ነው የሚሰጠው፤ የሚያየው ሪሞቱ ነው። ጧፍም ይህንኑ ብርሃን ስለሚሰጥ ግራና ቀኝ ሁለት ጧፍ አበራሁ። ሠራ! እናቴ ግን «ቤቱን ልታነደው ነው?» ብላ እፍ አለችብኝ። ገመዱን ልቀጥለው ወይስ በባትሪ የሚሠራ ዘንግ ላስመጣ? የሞከረ አለ?

ደግሞ ታናሽ ወንድሜ «አዲስ ጌም» እያለ ነዘነዘኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ጀስት ዳንስ 2020 በኋላ ለአሜሪካው ዊ ምን ሊመጣ! የኢንተርኔት መሸጫውም ያኔው ተዘግቷል። የአውሮፓ ዲስክ የእኛው ላይ አይከፍትም። የአሜሪካውን ዲስክ የሚሸጥልኝ ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ካለ፣ በአውቶቡስ እቀበላለሁ።